በጭንቅ ሌሊት ምን እናንብብ?

ልጆቻችሁን አስተኝታችሁ ጋደም ካላችሁ በኋላ፣ የነገው ነገር አሳስቧችሁ እንቅልፍ እምቢ ብሏችሁ ያውቃል?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ባዳረሰ ጊዜ፣ በሐይቅ ከተማ እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፉ እናቶች ብዙ ናቸው። አንዲቱ እንዳጫወቱኝ፣ ባለቤታቸው ርቀው ሳለ ስልክ ተቋረጠ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ቢገልጡም ከፍርሃት የተነሣ ፊደሉን መለየት አቃታቸው። «እምነት ቢኖረኝማ ባልፈራሁ» ሲሉም ራሳቸውን ወቀሱ።

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት፣ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈ አራቱ ወንጌል አለ። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ እኚህ እናት ያንን ብራና አላዩትም። ቃሉ ግን በቤታቸው፣ ከራስጌያቸው ነው። ታዲያ ፍርሃትን በሚመለከት ምን ይላል?

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 4ን እንመልከት። ማዕበል ታንኳቸውን ሲያናውጥ ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ፈርተው ጌታን ቀሰቀሱት። እርሱም አስቀድሞ ማዕበሉን ጸጥ አደረገ፤ ስለ ፍርሃታቸው የጠየቃቸው ከዚያ በኋላ ነው። በመዝሙረ ዳዊትም ብዙው ጸሎት የሚጀምረው በእሮሮ ነው። እንግዲያው የፈራች እናት እምነት ጎደላት አይባልም።

በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 ያለችው የሰራፕታዋ መበለትም በረሃብ ዘመን ለልጇ የቀራት አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር። ለእንግዳው ለነቢዩ ኤልያስ ካካፈለች በኋላ ጎተራዋ አልሞላም፤ የማድጋዋ ዱቄት ግን አላለቀም። የዓመቱን ሁሉ ጭንቀት በአንድ ሌሊት መሸከም እንደማይገባን ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ በጭንቅ ጊዜ ብዙ ምዕራፍ ለመጨረስ አትድከሙ። ከእራት በኋላ አንዲት አጭር ክፍል ድምፅ አውጥታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡ። እነርሱም የፈሩትን ይናገሩ፤ «ዝም በሉ» አትበሏቸው። ሲነጋ ደግሞ ዱቄት ያለቀባት ጎረቤት እንዳለች ጠይቁ፤ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ በወሎ ጉርብትና ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ያላት እናት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። መታከም እምነት ማጣት አይደለም።

እኚያ የሐይቅ እናት በዚያ ሌሊት ማንበብ ቢያቅታቸው፣ በቃላቸው የሚያውቁትን አንድ መዝሙር ለልጃቸው አሉላት። ልጅቷ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እርሳቸውም ጥቂት ቆይተው አሸለቡ።