«ከእማዬ ኢንሱሊን ለድመቴ እየቀነስኩ ነው»

ጥያቄ፦

«የ23 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ችግሬን ስትሰሙ ትስቁብኝ ይሆናል፤ ለእኔ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነው።

ለአራት ዓመት አንዲት የውጭ አገር ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ ስትመለስ ድመቷን ለእኔ ተወችልኝ። ወንድ ነው፤ ወፍራም ነው፤ አሥር ዓመት ሞልቶታል። የስኳር በሽታ እንዳለበት የእንስሳት ሐኪም ነግሯት ስለነበር ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን ትወጋው ነበር። አወጋጉን እኔንም አስተምራኛለች። ስትሄድ ሦስት ትንንሽ ብልቃጥ መድኃኒትና አንድ ፌስታል ሙሉ ሲሪንጅ ሰጠችኝ።

መድኃኒቱ ከሁለት ሳምንት በፊት አለቀ። እናቴም የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ሌላ መላ ስላጣሁ እሷ ሳታይ ከፍሪጅ እያወጣሁ፣ በድመቱ ሲሪንጅ ሁለት እየቀዳሁ ወጋሁት። ኢንሱሊን ያው ኢንሱሊን ነው ብዬ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ግን ድመቱ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ፤ ከወንበር መውረድ አቃተው፤ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ወተት በስኳር ሰጠሁትና እያደር ተሻለው። በማግስቱ እናቴ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ እያየች ‹ይሄ መድኃኒት አሁን አሁን ቶሎ ያልቃል እንዴ?› አለች። ዝም አልኩ።

ጎረቤቶቻችን ‹ሰው መድኃኒት አጥቶ ለድመት መርፌ?› እያሉ ይስቁብኛል። ልተወው? ወይስ እንዴት አድርጌ ላስታመው?

ጨነቀኝ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ»

መልስ፦

ውድ እህታችን፤ አልሳቅንም። እንዲያውም ደብዳቤሽን አንብበን ስንጨርስ ከድመቱ ይበልጥ ያሳሰቡን እናትሽ ናቸው።

አስቀድመን ዛሬውኑ የምታደርጊውን እንንገርሽ። ከእናትሽ ብልቃጥ መቅዳቱን አቁሚ። ምክንያታችን ሦስት ነው።

አንደኛው የመጠን ጉዳይ ነው። ፌስታል ውስጥ ያሉትን ሲሪንጆች አውጥተሽ ማሸጊያቸውን አንብቢ። ለእንስሳት ኢንሱሊን የተሠሩ ከሆኑ 40 የሚል ቁጥር ታገኛለሽ። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 40 ዩኒት ለያዘ መድኃኒት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። የሰው ኢንሱሊን ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ነው። የሲሪንጁ መስመር የሚለካው የፈሳሹን ብዛት ነው፤ የመድኃኒቱን ብርታት አያውቅም። እንደገመትነው ከሆነ አንቺ «ሁለት» ብለሽ የቀዳሽው 5 ዩኒት ሆኖ ነው የገባው፤ ከታዘዘለት ሁለት እጥፍ ተኩል። የማክሰኞ ሌሊቱ መንገዳገድም ስኳሩ ከልክ በታች የወረደበት ሳይሆን አይቀርም። ድመቱ የተረፈው በዕድል ነው።

አሁን ነገሩን ገልብጠሽ እዪው። መብራት በጠፋበት ምሽት እናትሽ ተሳስተው የድመቱን ሲሪንጅ ቢያነሱና እንደ ልማዳቸው እስከ 20 መስመር ቢቀዱ፣ የሚወጉት 50 ዩኒት ነው። ይህ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የድመቱና የእናትሽ ሲሪንጅ በአንድ መሳቢያ አይቀመጡ። የድመቱን ለብቻው ዕቃ ውስጥ አድርገሽ በትልቁ «የድመት» ብለሽ ጻፊበት።

ሁለተኛው የመርፌው ጉዳይ ነው። ድመቱን የነካ መርፌ ተመልሶ ወደ እናትሽ ብልቃጥ ገብቶ ከሆነ መድኃኒቱ ተበክሏል። እናትሽ በቀን ስንት ጊዜ ከዚያ ብልቃጥ እየቀዱ ሰውነታቸው ውስጥ እንደሚያስገቡ አስቢ። የተጀመረው ብልቃጥ ይጣል፤ በአዲስ ተኪላቸው።

ሦስተኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ያውቃል። «ቶሎ ያልቃል እንዴ?» ያሉት ሒሳቡ አልመጣ ብሏቸው ነው። ለማብቃቃት ብለው ከራሳቸው መጠን መቀነስ ቢጀምሩስ? ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። ይቆጡ ይሆናል። ግን በየቀኑ ራሳቸውን የሚወጉ ሴት ናቸው፤ ስለ ሰዓት፣ ስለ መጠንና ስኳር ሲወርድ ስለሚሰማው ነገር በሰፈሩ ውስጥ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አታገኚም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንቺ ደግሞ የደበቅሽው መድኃኒቱን ነው።

«ኢንሱሊን ያው ኢንሱሊን ነው» ማለትሽ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ባንቲንግና ቤስት ኢንሱሊንን ለይተው ካወጡ በኋላ፣ የሰው ልጅ ለብዙ አሥርት ዓመታት የታከመው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት በተወሰደ ኢንሱሊን ነበር። የከብትና የድመት ኢንሱሊን ደግሞ የሚለያዩት በአንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ዛሬም ለሰው የተሠራውን ግላርጂን የተባለ ኢንሱሊን ለድመት የሚያዙ ሐኪሞች አሉ። ነገር ግን አንዱ ዓይነት ቶሎ ሠርቶ ቶሎ ያልቃል፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይቆያል። የትኛው፣ ስንት ዩኒት የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የተገኘው አይደለም።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ ድመቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጂው። እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያፈራቸው ሐኪሞች አዲስ አበባ ውስጥም ይሠራሉ። የሆነውን አንድም ሳትደብቂ ንገሪው። የድሮውን ሁለት ዩኒት በራስሽ አትቀጥዪ፤ ብዙ ሐኪሞች እንደ አዲስ ሲጀምሩ በአንድ ዩኒት ጠዋትና ማታ ነው የሚጀምሩት። እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን ያለ መርፌ መዋሉ ከስህተት መርፌ ይሻላል። አንድ ሳምንት ግን አይጠበቅም።

ሐኪሙ መድኃኒቱንና መጠኑን ከወሰነልሽ በኋላ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ የአንቺ ነው።

ሰዓቱ። በ12 ሰዓት ልዩነት ነው የሚወጋው። የእኛ ሰዓት ለዚህ የተመቸ ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታም 1 ሰዓት በዪና ያዢው። እናትሽ በሚወጉበት ሰዓት ከሆነ ሁለታችሁም አትረሱም።

መጀመሪያ ምግብ፣ ቀጥሎ መርፌ። ምግቡን ስጪውና መብላቱን እዪ። እምቢ ካለ ወይም ካስመለሰው መርፌውን ያዢና ለሐኪሙ ደውዪ። ምግብ ያልገባበት ሆድ ላይ ኢንሱሊን መጨመር ስኳሩን ገደል መክተት ነው።

አወጋጉ። ጎኑ ላይ ቆዳውን በሁለት ጣት እንደ ድንኳን አንሥተሽ ከሥሩ አስገቢው። በየቀኑ ቦታውን ቀያይሪ። መርፌው በሌላ በኩል ወጥቶ ፀጉሩን ካረጠበው፣ ወይም «ወግቼዋለሁ ወይስ አልወጋሁትም?» ብለሽ ከተጠራጠርሽ፣ አትድገሚ። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዷን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህችን ያዢ፤ ያመለጠ መርፌ ነገ ይካካሳል፣ የተደገመ መርፌ ግን ተመልሶ አይወጣም። ለዚህም ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፊና በወጋሽው ቁጥር ምልክት አድርጊ።

አቀማመጡ። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ግን አይገባም። አንዴ በረዶ ከሆነ ይጣል። የከፈትሽበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፊ። ያገለገለ መርፌ እንደዋዛ ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፤ ክዳን ባለው የዘይት ጀሪካን አጠራቅመሽ ሐኪሙ ዘንድ ውሰጂው።

መለካቱ። የጤነኛ ድመት ስኳር በግምት ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ድመት ግን ያን ያህል ዝቅ እንዲል አይፈለግም፤ ብዙውን የቀኑን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ባለው ውስጥ ከዋለ ሐኪሞች ደስ ይላቸዋል። ድመት ሲፈራ ስኳሩ ከ300 በላይ ሊዘል ስለሚችል ክሊኒክ ውስጥ የተለካው ሊያሳስት ይችላል፤ ቤት የሚለካው የተሻለ እውነት ይናገራል። ጆሮውን በመዳፍሽ አሙቂና ጠርዙን ወጋ አድርገሽ አንዲት ጠብታ ደም መውሰድ ነው። መውጊያው ለብቻው ይሁን፤ የእናትሽ አይነካ። የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር ካለው ዝቅ አድርጎ የማሳየት ጠባይ ስላለው ሐኪሙ በየትኛው መሣሪያ እንደለካሽ ይወቅ። አንድ ቀን ቁጥሩ ከፍ አለ ብለሽ መጠኑን በራስሽ እንዳትጨምሪ።

ስትሪፕ የምትገዢበት ገንዘብ ከሌለሽም ዓይን አለሽ። ጠዋት ውኃውን በመለኪያ ቀድተሽ ስጪውና ማታ ምን ያህል እንደቀረ እዪ። የሚጠጣውና የሚሸናው እየቀነሰ፣ ክብደቱ ሳይጎድል ከቀጠለ ነገሩ እየተስተካከለ ነው። እየበላ የሚከሳ፣ ውኃ የማይበቃው፣ የኋላ እግሩ ተረከዙ መሬት እየነካ የሚሄድ ከሆነ ግን ስኳሩ ከፍ እንዳለ ነው።

ስኳሩ ሲወርድ። ከ60 በታች ካየሽ፣ ወይም ቁጥር ሳትለኪም ከደከመ፣ ከተንገዳገደ፣ ከተንቀጠቀጠ ጊዜ የለሽም። መዋጥ ከቻለ ወዲያው አብዪው። መብላት ካልቻለ ማር ወይም ወፍራም የስኳር ውኃ ድዱ ላይ ቀቢው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ መቀባት እንጂ ጉሮሮው ውስጥ መጋት የለም፤ ይታነቃል። እያንፈራገጠው ከሆነ ጣትሽን ጥርሱ መካከል አታስገቢ። ቢሻለው እንኳ ሐኪም ዘንድ ይታይ፤ የሚቀጥለውን መርፌ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አትስጪ። ምግብ ትቶ ከሚያስመልስ፣ ከሚዝለፈለፍና በኃይል ከሚተነፍስ ድመት ጋር ደግሞ አትደሪ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ምግቡ። ድመት ሥጋ በል ነው። እንጀራ በሽሮ ለስኳር በሽተኛ ድመት አይስማማውም። በጾም ሰሞን ቤት ሥጋ አይገባምና ድመቱም አብሮ የሚጾምበት ቤት ብዙ ነው፤ ይህኛው ግን ፍስክም ጾምም የለበትም። ሥጋ፣ ልብ፣ ዓሣ ቀቅለሽ ስጪው፤ ሥጋ ቤት የሚሸጠው ሳንባም መቀቀል አለበት፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ውፍረቱ ቀስ እያለ ይቀንስ። ምግቡን በአንዴ አትለውጪ፤ ሥጋው ሲጨምርና እንጀራው ሲቀንስ የሚያስፈልገው ኢንሱሊንም ሊቀንስ ስለሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ። ምግባቸው ተስተካክሎ ኢንሱሊን መወጋት ያቆሙ ድመቶች አሉ። የአንቺው ከነሱ አንዱ ቢሆን እንኳ ጥንቃቄው አይላላም፤ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ነውና ወደ ወጥ ድስቱ ይመለሳል።

ቀሪው የገንዘቡ ነገር ነው። ለቀድሞ አሠሪሽ ጻፊላት። አሥር ዓመት ያሳደገችው ድመት ነው፤ የመድኃኒቱን ወጪ እንድታግዝ መጠየቅ ልመና አይደለም። ምናልባት የምትጠብቀው ከአንቺ አንድ መልእክት ብቻ ሊሆን ይችላል።

እሷም ካላገዘች፣ አንቺም ካልቻልሽ? «ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል። መተው ሲባል ሜዳ ላይ መጣል ወይም መርፌውን አቁሞ ዝም ብሎ ማየት ከሆነ፣ አይሆንም እንልሻለን። ከስቶ፣ ውኃ ሲጠማው፣ ሲያስመልስ ቆይቶ ነው የሚሞተው። አቅም ማጣት ነውር አይደለም። ሐኪሙን በግልጽ አማክሪው፤ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ማድረግም አንድ መንገድ ነው፤ ያን የመረጠ ሰውም ጨካኝ አይባልም።

ጎረቤቶችሽ ግማሽ እውነት አላቸው። የሰው መድኃኒት ለድመት አይቀነስም። ለድመቱ በራሱ ስም፣ በራሱ ብልቃጥ ከተገዛለት ግን የማንንም ጉሮሮ አልዘጋሽም፤ ይሳቁ።

አሁን ደብዳቤያችንን አስቀምጪና ወደ እናትሽ ሂጂ። አዲሱን ብልቃጥ ይዘሽ ብትገቢ ንግግሩ ይቀልልሻል።

ቸር ይግጠመን።