ሕዝባችሁ አይሞላም ስለተባልን የቀረበ አቤቱታ

ለክቡር የዲስትሪክታችን ዋና አስተዳዳሪ

ጉዳዩ፦ የሕዝብ ቁጥራችን እንደገና ተጣርቶ መንገድ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኛ በሕንድ ሰሜናዊ ግዛት በኡታራክሃንድ ተራሮች ላይ ዳጉሳና ቀይ ቦሎቄ እያመረትን የምንኖር ገበሬዎች፣ በመንደር ጉባኤያችን ተሰብስበን ከመከርን በኋላ ይህን አቤቱታ በትህትና እናቀርባለን።

መኪና የሚደርሰው ከወንዙ ማዶ እስካለው አስፋልት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው በገደል አፋፍ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው፤ እሱንም ክረምት በመጣ ቁጥር ናዳ ይቆርጠዋል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ትወርዳለች። ቃሬዛ ደግሞ ጉልበት ያለው ሰው ይፈልጋል፤ የእኛ ጎረምሶች ወደ ዴህራዱንና ወደ ዴልሂ ለሥራ ሄደዋል። ስለዚህ የሚሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው። መንገድ ላይ የወለደች አለች፤ ሐኪም ዘንድ ሳትደርስ የቀረችም አለች። 108 ስንደውል አምቡላንሱ ይመጣል፣ መንገዱ ካበቃበት ቆሞም ይጠብቀናል። በሹፌሮቹ ላይ ቅሬታ የለንም።

ምርታችንም ቢሆን የበቅሎ ኪራይ ተቀንሶበት ነው ገበያ የሚወጣው፤ የተረፈው ገንዘብ ለልጆች ደብተር እንኳ አይበቃም።

ደጋግመን ስናመለክት የተሰጠን መልስ አንድ ነው፦ «ሕዝባችሁ አይሞላም።» እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ለሜዳማ አገር 500 ነዋሪ፣ እንደ እኛ ላለ ተራራማ አገር ደግሞ 250 ነዋሪ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። በ2024 የጸደቀው አራተኛው ምዕራፍ 25,000 መንገድ አልባ ሰፈሮችን ለማገናኘት ሲነሳም መለኪያው የ2011 ቆጠራ ነው። ደንቡን አንቃወምም። አቤት የምንለው በእኛ ላይ ስለተሠራበት አኳኋን ነው።

ሦስቱ ሰፈሮቻችን ለየብቻ ተቆጥረው እያንዳንዳቸው ከ250 በታች ሆነው ተመዘገቡ። የፕሮግራሙ መመሪያ ግን በተራራማ አካባቢ በእግር መንገድ እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሰፈሮች ሕዝባቸው ተደምሮ እንዲታይ ይፈቅዳል። ሰፈሮቻችን ከዚህም ይበልጥ ይቀራረባሉ፤ ውሃ የምንቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፣ ልጆቻችንም የሚማሩት በአንድ ትምህርት ቤት ነው። ደምሮ ያየን ግን የለም።

የ2021 ቆጠራ በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም አሮጌው ቁጥር እንዳለ ቀረ። እውነቱን ለመናገር አዲሱ ቆጠራ እኛን ከበፊቱ አሳንሶ እንዳያገኘን እንሰጋለን። ቤቶች ተዘግተዋል፣ እርከኖች ጦም አድረዋል። የሄዱት አገራቸውን ጠልተው ሳይሆን የታመመች እናታቸውን የሚያወርዱበት መንገድ ስላጡ ነው። መንገድ በመጥፋቱ ሰው ይሰደዳል፤ ሰው በመሰደዱ ደግሞ መንገድ እንከለከላለን። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለንም።

የምንጠይቀው ምጽዋት አይደለም። የጎረቤታችን የሂማቻል ፕራዴሽ ድሃ መንደርተኞች ስለተጓተተ መንገዳቸው በጻፉት ደብዳቤ የተጀመረው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ ለተራራ ነዋሪ መንገድ ማግኘት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ከሚጠብቀው የሕይወት መብት ጋር የተያያዘ መሆኑ በ1986 ተወስኗል። ችሎቱ የመንግሥትን አቅም እንዳልዘነጋም እናውቃለን፤ እኛም ሰፊ አስፋልት አንጠይቅም፣ አምቡላንስ የሚያሳልፍ ይበቃናል።

ስለዚህ መሐንዲስ ተልኮ በሰፈሮቻችን መካከል ያለው ርቀት በእኛ ፊት እንዲለካ፣ ሕዝባችን ተደምሮ በአራተኛው ምዕራፍ መዝገብ እንዲገባ፣ ሥራው እስኪጀመርም ከክረምቱ በፊት የእግር መንገዱ ተጠግኖ በወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ እንዲዘረጋ እናመለክታለን። ጥያቄያችን የማይፈቀድ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠን፤ ይግባኝ ለማለት ያስፈልገናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስቱ ሰፈሮች ነዋሪዎች