ለሩዝ ዘር የተሰጠ ትዕግሥት፦ ታዳጊ ተጫዋችን በአንድ የውድድር ዘመን ስለ መመዘን

በፎገራ ሜዳ ሰኔ የሁለት ሥራዎች መገናኛ ነው። ገበሬው ሩዙን የሚዘራበት ወር ሲሆን፣ በአገሪቱ የእግር ኳስ ሊጎች ደግሞ የውድድር ዘመኑ ወደ መዝጊያው ተቃርቦ ክለቦች ማንን እንደሚያስቀሩና ማንን እንደሚያሰናብቱ የሚመክሩበት ጊዜ ነው። ወረታ ላይ የሚሠሩ የሩዝ ተመራማሪዎች ስለ አንድ እጩ ዝርያ ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ዓመታት ይጠብቃሉ። በዚያው ሜዳ ያደገ ታዳጊ ተጫዋች ግን ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በአንድ የውድድር ዘመን፣ አንዳንዴም በጥቂት የሙከራ ቀናት ነው። ለዘር የሚደረገው ጥንቃቄ ለሰው የማይደረግበት በቂ ምክንያት የለም፤ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው።

የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫውን ወረታ ላይ አድርጓል። አንድ እጩ ዝርያ ለገበሬው ከመለቀቁ በፊት ከምልከታ መደብ ተነሥቶ በቅድመ ዝርያ ሙከራ፣ ቀጥሎም በብሔራዊ ዝርያ ሙከራ፣ በመጨረሻም በማረጋገጫ ሙከራ ያልፋል። በዚህ ጉዞ ሦስት ደንቦች ይከበራሉ። አንደኛው ድግግሞሽ ነው፤ በአንዱ መደብ ጥግ ውኃ ቢተኛ ወይም አፈሩ ቢሰባ ውጤቱ እንዳያሳስት፣ ዝርያው በዕጣ በተመደቡ የተለያዩ መደቦች ላይ ይዘራል። ሁለተኛው ማነጻጸሪያ ነው፤ እጩው ገበሬው አስቀድሞ ከሚያውቀው መደበኛ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ስለሚበቅል፣ ክረምቱ ቢከፋም ቢሰምርም ለሁለቱም እኩል ይሆናል። ሦስተኛው የዓመትና የቦታ ብዛት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ፎገራ ብርዱን ችሎ ያፈራ ዝርያ፣ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ፓዌ ቀዳሚ ላይሆን ይችላል፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ከወረታ ተነሥቶ በእግር ኳስ መኖር የሚፈልግ ወጣት በደቡብ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የባሕር ዳር ከተማን፣ በሰሜን በኩል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣውን የጎንደሩን ፋሲል ከነማ ያያል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን በአብዛኛው በአንደኛ ሊግና በከፍተኛ ሊግ በኩል ነው። በእነዚህ ደረጃዎች በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ለምዘና የሚቀርበው መረጃ ያገባው ግብ ብዛት፣ የተሰለፈበት ጨዋታ ብዛትና የአሠልጣኙ ትዝታ ነው። ጥያቄው፣ ይህ መረጃ የተጫዋቹን ችሎታ ከዕድሉ ለይቶ ለማሳየት ይበቃል ወይ የሚለው ነው።

ቀላል ስሌት መልሱን ያመለክታል። 14 ክለቦች በደርሶ መልስ በሚገናኙበት ሊግ አንድ ክለብ 26 ጨዋታ ያደርጋል። በእንዲህ ያለ ሊግ እውነተኛ ችሎታቸው በአማካይ 8 ግብ የሚያስገባ፣ በሁሉም ነገር እኩል የሆኑ አሥር አጥቂዎች አሉ እንበል። የግብ ብዛትን ለመግለጥ የተለመደውን የፖይሰን ሥርጭት ብንከተል፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማ በዚያ ዘመን 4 ወይም ከዚያ በታች ያስገባል፤ ሌላው አንዱ ደግሞ 12 ወይም ከዚያ በላይ። የመጀመሪያው ይሰናበታል፤ ሁለተኛው የተሻለ ውል ይፈርማል። በሁለቱ መካከል የችሎታ ልዩነት እንደሌለ አስቀድመን ወስነን ስለ ተነሣን፣ ልዩነቱ በሙሉ የዕድል ነው። እውነተኞቹ ተጫዋቾች እኩል እንዳልሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም የአንድ ዘመን ቁጥር ከችሎታው ጋር ይህን ያህል ዕድል ቀላቅሎ እንደሚያመጣ መዘንጋት የለበትም።

ይህን ችግር ቀድማ በስፋት ያጠናችው የቤዝቦል አገር አሜሪካ ናት። እዚያ እያንዳንዱ ትልቅ ክለብ ታዳጊዎቹን ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግባቸው የታችኛ ሊግ ቡድኖች ስላሉት፣ ከእያንዳንዱ የውድድር ዘመን በኋላ ወጣቶችን መመዘን ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ብራድሊ ኤፍሮንና ካርል ሞሪስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የ1970 የውድድር ዘመን ሲጀመር 45 ጊዜ ለመምታት የቆሙ 18 ተጫዋቾችን በምሳሌነት ወሰዱ። ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ከ45ቱ 18ቱ ተሳክቶለት መጠኑ 0.400 ነበር፤ ማክስ አልቪስ ግን 7 ብቻ ተሳክቶለት 0.156 ላይ ነበር። በቀሪው የውድድር ዘመን ክሌሜንቴ ወደ 0.346 ወረደ፤ አልቪስ ወደ 0.200 ወጣ። ሊቃውንቱ የእያንዳንዱን ተጫዋች ቁጥር ወደ ሁሉም አማካይ፣ ማለትም ወደ 0.265፣ ሲያስጠጉት የ18ቱ ግምት ድምር የስሕተት ካሬ በጥሬው ቁጥር ከመተማመን ይልቅ ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል አነሰ። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ መረጃው ጥቂት ሲሆን የላቀውም የወደቀውም ከሚመስለው ይልቅ ለመካከለኛው ይቀርባል።

በእኛ አገር ሁኔታ ላይ የቦታ ጉዳይ ይጨመራል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች በዙር መካሄድ ሲጀምር ክለቦቹ በአንድ ጊዜ በአንድ ሜዳ ላይ ተሰባሰቡ። ይህ ለንጽጽር የሚያመች ገጽታ አለው፤ ሁሉም አንድ ሣር፣ አንድ አየር ይጋራሉና። በአንጻሩ፣ በአንድ ቦታ ብቻ እንደ ተካሄደ የዝርያ ሙከራ፣ ተጫዋቹ በሌላ ከፍታና በሌላ ሙቀት ምን እንደሚሆን ሳያሳይ ይቀራል። ባሕር ዳር ላይ የደመቀ ወጣት በድሬዳዋ ሙቀት ሊደክም ይችላል፤ ምዘናው የተከናወነበት ቦታ ካልተመዘገበ ይህን ማንም አያውቅም።

ከሁሉም የሚከብደው የዕድሜ ጉዳይ ነው። የ19 ዓመት ወጣት ከ25 ዓመት ጎልማሶች ጋር ተሰልፎ የሚያስገባው 5 ግብ፣ ጎልማሳው ከሚያስገባው 8 የሚበልጥ ተስፋ ሊያመለክት ይችላል። ነገር ግን ይህን ለማለት ዕድሜው መታወቅ አለበት። ብሔራዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በዚያ ሥርዓት እንደ ተወለዱ የተመዘገቡ የመጀመሪያዎቹ ልጆች 17 ዓመት የሚሞላቸው በ2025 ዓ.ም. ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች የሚጠቀምበት የእጅ አንጓ ምርመራም ዕድሜው ያለፈውን ለመለየት ይረዳል እንጂ የልደት ቀን አይነግርም። ትክክለኛ የልደት ቀን በሚታወቅበትም አገር ችግሩ አያልቅም። የካናዳው ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በበረዶ ሆኪ ላይ እንዳሳዩት፣ በመቁረጫው ቀን ማግሥት የተወለዱ ልጆች ከተመረጡት መካከል ከድርሻቸው በላይ ይበዛሉ። በጥር የተወለደውና በቀጣዩ ኅዳር የተወለደው በአንድ የዕድሜ ምድብ ሲሰለፉ በመካከላቸው አሥር ወር ያህል አለ፤ አሠልጣኙ ተሰጥኦ ብሎ የሚያየው አንዳንዴ ይህ የአሥር ወር አጥንትና ጡንቻ ነው። ዘግይቶ የሚደርስን ሩዝ ቀድሞ ከሚደርሰው ጋር በአንድ ቀን አጭዶ ፍሬ አልያዘም የሚል ተመራማሪ የለም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ሁሉን ወደ አማካይ ማስጠጋት ብርቅዬውን ይሸፍናል የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው፤ ለክሌሜንቴ በዘዴው የተሰጠው ግምት 0.294 ነበር፣ ይህም በኋላ ካሳየው 0.346 በጣም ያነሰ ነው። ዘዴው የሚጠቅመው ለመላው ቡድን ግምት ነውና ለአንድ ሰው የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይገባም። ልምድ ያለው አሠልጣኝ ዐይን አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው፤ ክለብ ያልተረጋገጠ ወጣትን ለሁለት ዓመት ለመቀለብ አቅም ያጥረዋል። ይህም እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በየዓመቱ አሰናብቶ በየዓመቱ አዲስ መመልመልም ወጪ አለው፣ ያውም ያለ ትምህርት የሚወጣ ወጪ።

ስለዚህ ሊደረግ የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። ክለቦች ለእያንዳንዱ ታዳጊ የተጫወተባቸውን ደቂቃዎች፣ የተሰለፈበትን ቦታ፣ ተጋጣሚውንና ሜዳውን በመዝገብ ይያዙ፤ ለዚህ ደብተርና አንድ ታማኝ ጸሐፊ ይበቃል። በተመሳሳይ ጨዋታዎች በዚያው ቦታ ከተሰለፈ ነባር ተጫዋች ጋር ያነጻጽሩት፤ ይህ በተለይ ግብ በመቁጠር ሊመዘን ለማይችለው ተከላካይ ፍትሕ ነው። በአንድ ዘመን ቁጥር ብቻ ማሰናበትን ያስቀሩ፤ የግድ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡ። የስፖርት ሳይንስና የስታቲስቲክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በበኩላቸው ይህን መዝገብ የመመረቂያ ጥናታቸው መነሻ ሊያደርጉት ይችላሉ።

የተጣለ የሩዝ መስመር ዘሩ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ በሌላ ዓመት እንደገና ሊሞከር ይችላል። በ20 ዓመቱ የተሰናበተ፣ ለኳስ ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ ወጣት ግን ያንን ዓመት መልሶ አያገኘውም። በሰኔ ስሙ ከዝርዝሩ ሲሰረዝ፣ ቢያንስ የተሰረዘበት መረጃ አንድ ተመራማሪ ለአንድ የሩዝ መደብ ከሚይዘው ማስታወሻ ያነሰ መሆን የለበትም።