ቁመታችን ምን በደለ?

ዋሊያዎቹ በተሸነፉ ማግስት አንድ ሰውዬ አይጠፋም። ሚኒባስ ውስጥ በሉት፣ ጀበና ቡና ጋ በሉት፣ ሬዲዮ ስፖርት ላይ ስልክ ደውሎ በሉት፣ የትም ታገኙታላችሁ። "ልጆቹማ ኳስ ይችላሉ፤ ምን ዋጋ አለው፣ አጫጭሮች ናቸው" ይላል። ዙሪያውን ያለው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። አንዱ ደግሞ ጣልቃ ገብቶ "ሽሮ በልተን ከካሜሩን ጋር!" ይጨምርበታል። ይሳቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ይኬዳል። እኔ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ከዚህ ሰውዬ ጋር ለመጣላት ነው።

ቁመት በኳስ ውስጥ ዋጋ የለውም ልል አይደለም። አለው እንጂ! የማዕዘን ምት ሲሻማ አንድ ሜትር ከዘጠና የሆነ ሰው አጠገብህ ሲቆም ደስ አይልም። ጠቤ ሌላ ነው። ቁመት የእግዜር ሥራ ነው። ጥፋቱ የቁመት ከሆነ ፌዴሬሽኑ ከደሙ ንፁህ ነው። ክለቦቹም ከደሙ ንፁህ ናቸው። አሰልጣኙም፣ በአስራ ሁለተኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ የሚያየው ተከላካይም እንደዚያው። ሁሉም ነፃ ወጥቶ እናቶቻችን ብቻ ይከሰሳሉ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ትንታኔ አይደለም፣ ምሕረት ማድረግ ነው። የሚገርመው ስለ አርሴናል ሲሆን እንደዚህ አንቸርም። የአርሴናልን ሦስተኛ የግራ መስመር ተከላካይ ስሙን ከነጉዳቱ እንዘረዝራለን፤ ተጠባባቂ ወንበሩ ለምን እንደሳሳ እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። የራሳችን ቡድን ላይ ስንደርስ ሜትር አውጥተን እንለካለን።

እስቲ ሜትሩን እናስቀምጠውና ቡድኑን ከኋላ ወደ ፊት እንየው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ውድድሮቹን የምናውቃቸው በዚያ ስለሆነ።)

ጃንዋሪ 2013፣ ደቡብ አፍሪካ። ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብተናል። የመጀመሪያው ጨዋታ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር ነው፤ ዛምቢያ ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነች። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች ኳሱን እንደ ሰፈር ሜዳ ተቀባበሉባቸው። ሪጎሬ ሁሉ አግኝተን ነበር፤ ሳላዲን ሰኢድ መታው፣ በረኛቸው ምዊኔ አዳነበት። ከዚያ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ሮጦ ወጣና እግሩን ሰቅሎ ሰውየውን አገኘው። ቀይ። እረፍት ከመውጣታችን በፊት አንድ ገባብን። በአስር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገንና አገር ተደበላለቀ፤ ተገቢም ነበር። ሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር፣ ሊያልቅ ሲል፣ ሌላው በረኛችን ሲሳይ ባንጫ ቪክቶር ሞሰስን ጥሎ እሱም በቀይ ወጣ። ቅያሬያችን አልቆ ስለነበር ሪጎሬውን ለማዳን ጎሉ ላይ የቆመው አማካዩ አዲስ ህንፃ ነው። በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ካርድ!

ዘጠኝ ዓመት ዝለሉ። ጃንዋሪ 2022፣ ካሜሩን። የመጀመሪያው ጨዋታ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ነው። ገና 12ኛው ደቂቃ ላይ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ወደ ጎል የሚገሰግሰውን ሰው ጠረበና በቪኤአር ታይቶ በቀይ ተሰናበተ። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

ሦስቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሦስት የተለያዩ ልጆች፣ ሁለት የተለያዩ አሰልጣኞች፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ አንድ ሰው ከተከላካዮቻችን ጀርባ ብቻውን አምልጧል፣ የመጨረሻው ሰው ደግሞ ዘግይቶ ደርሷል። ከነዚህ ውስጥ በአስር ሴንቲሜትር የሚድን የትኛው ነው? የዘገየ ሰው ረጅም ቢሆን ያው የዘገየ ረጅም ሰው ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ቡድናችን በአጭር ቅብብል መጫወት ይወዳል። በአጭር ለመቀባበል ተጫዋቾቹ መቀራረብ አለባቸው፣ ለመቀራረብ ደግሞ ተከላካዩ ወደ መሀል መጠጋት አለበት። ተከላካዩ ሲጠጋ ከጀርባው የእርሻ መሬት የሚያክል ባዶ ሜዳ ይቀራል። ያንን ሜዳ የሚጠብቀው በረኛው ነው። ኳሱ ከመጠለዙ በፊት አምስት ሜትር ቀድሞ የቆመ፣ "ልውጣ ወይስ ልቅር?" የሚለውን በግማሽ ሰከንድ የሚወስን በረኛ ያስፈልጋል። ይሄ ሙያ ነው። በልምምድ ይመጣል፣ ከሁሉ በላይ ግን በመጫወት ይመጣል።

ታዲያ የእኛ በረኞች የት ይጫወቱ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያንገበግበው። የአገሪቱ ትልቁ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለዓመታት ጎሉን ያስጠበቀው በኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ነው። ከእሱ በኋላ ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ኡጋንዳዊ፣ ቻርለስ ሉክዋጎ። ፋሲል ከነማም የማሊውን ሳማኬን አቁሟል። በልጆቹ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ጎበዞች ናቸው፣ እንጀራቸውን ሊበሉ ነው የመጡት። ለ2019ኙ አፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከኬንያ ጋር አንድ ምድብ ነበርን። እኛ ቀረን፣ ኬንያ ገባች። ግብፅ ላይ ለኬንያ ቆሞ የሳዲዮ ማኔን ሪጎሬ ያዳነው ማን ነበር? የቅዱስ ጊዮርጊሱ ማታሲ። ሊጋችን በረኛ ያዘጋጃል ማለት ነው፤ ለጎረቤት!

"ታዲያ የውጭ በረኛ ይከልከል ነው የምትለው?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አላልኩም። በረኛ የሚያስመጣ ክለብ ግን ሁለተኛውን በረኛ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አቀባይ አድርጎ ሲያስቀምጠው የሚጠይቀው ሊኖር ይገባል። ብሔራዊ ቡድኑ የሚጠራው ያንን ሁለተኛ በረኛ ነዋ።

ወደ ተከላካዩ እንምጣ። እዚህ ጋ ሰውዬው ይጮህብኛል፤ "ኬፕ ቨርዴ በቴስታ አይደል እንዴ ያገባብን?" አዎ፣ በቴስታ ነው። ነገር ግን ኳስ አየር ላይ ብቻዋን አትወጣም። አንድ ሰው ከመስመር ላይ አንስቶ ያሻማታል። እኛ ጎሉ ሲደገም የምናየው የዘለለውን ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ የሚያሻማውን ሰው ማን ተጫነው ብዬ አያለሁ። ባዶ ሜዳ አግኝቶ ቀና ብሎ አይቶ ካሻማ፣ አጫጭሮች ብንሆንም ረጃጅሞች ብንሆንም ይገባብናል። የ2006ቱን የዓለም ዋንጫ ለጣሊያን ያነሳው አምበል ፋቢዮ ካናቫሮ የመሀል ተከላካይ ነበር፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ስድስት ቢሆን ነው፣ በዚያው ዓመት ባሎንዶር ወሰደ። በ2010 ግማሽ ፍጻሜ ጀርመኖችን በቴስታ ያሰናበታቸው ፑዮል አንድ ሜትር ከሰማንያ አይሞላም። እርግጥ ካናቫሮ ከጎኑ ማቴራዚን የሚያህል ግንብ ነበረው። እኛም አንድ ግንብ ብናገኝ አንጠላም። ግን ካናቫሮን ካናቫሮ ያደረገው መቼ እንደሚዘል ማወቁ ነው።

መሀል ሜዳው ሀብታችን ነው፣ እዚህ ላይ ከሰውዬው ጋር እስማማለሁ። ጁን 2022 ሊሎንግዌ ላይ፣ የዚያን ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወተችውን ግብፅን ሁለት ለዜሮ ስናሸንፍ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ። (ሳላህ አልነበረም የሚል ሊቨርፑላዊ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልነበረም። እሺ!) ያ ምድብ ግን እንዴት አለቀ? ግብፅን ካሸነፍን በኋላ በቀሩት አራት ጨዋታዎች ያገኘነው አንድ ነጥብ ነው፤ ከማላዊ ጋር ዜሮ ለዜሮ። በምድቡ የመጨረሻ ሆነን ጨረስን። ምክንያቱም አማካዮቻችን ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሁሉም ኳሷን እግሩ ላይ ይፈልጋታል፣ ሁሉም አብዶ ያምረዋል። የሚነጥቅ፣ ሰው የሚያሳድድ፣ ሳይነካት ሃምሳ ሜትር ሮጦ ለሌላው ሜዳ የሚከፍት ሰው ግን ከስብስቡ ውስጥ በመብራት ነው የሚፈለገው። ሰፈር ውስጥ የሚነጥቀውን ልጅ "ኳስ አይችልም" እያልን ነው ያሳደግነው፤ አሁን ከየት ይምጣ?

አጥቂውን በተመለከተ ለአንድ ትውልድ አንድ ስም ነው ያለን። ሳላዲን ነበረ፣ ቀጥሎ ጌታነህ ከበደ፣ ከዚያ አቡበከር ናስር። አቡበከር በ2020/21 ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። በቀጣዩ ጃንዋሪ ካሜሩን ላይ ግን አንድም አላገባም። በዚያ ውድድር በሦስት ጨዋታ ያገባነው ሁለት ነው፤ የዳዋ ጎልና ጌታነህ ቡርኪናፋሶ ላይ የመታት ሪጎሬ። ልጁ ሰነፈ? አይመስለኝም። ሊጉ ውስጥ ኳስ ተቀብሎ፣ ዞሮ፣ አይቶ ለመምታት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካሜሩን ላይ ግን ገና ሲቀበል ይጠረባል። ይሄ የአንድ ልጅ ችግር እንዳልሆነ የምታውቁት በቻን ነው። ቻን ማለት በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱት ብቻ የሚሰለፉበት ውድድር ነው፣ ማለትም የሊጋችን መስታወት። 2014፣ 2016፣ 2023 ገባን። ዘጠኝ ጨዋታ፣ ሁለት ጎል፣ ድል ዜሮ። እንደምናወራው ድክመታችን ረጃጅሞች በላያችን ላይ እየዘለሉ ማግባታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በሌላው ጎል በኩል የሆነ ነገር በታየ ነበር።

ተጠባባቂ ወንበሩን እንዳልረሳው። በዚያው በ2013 ሁለተኛው ጨዋታ ከቡርኪናፋሶ ጋር ነበር። አዳነ ተጎድቶ ወጣ። አንድ ለዜሮ እየመሩን ሳለ በረኛቸው በቀይ ወጣባቸው፤ የግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ይቀራል፣ እነሱ አስር እኛ አስራ አንድ። ከዚያ በኋላ ስንት ገባ? ሦስት። እኛ ላይ! አራት ለዜሮ። ያን ቀን ማንም ሰው ጨዋታውን የሚቀይር ልጅ ከወንበር አላስነሳም፣ ምክንያቱም የሚነሳ አልነበረም። አንድ ልጅ ሲጎዳ ግማሽ ቡድን ይጎድላል።

ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል ካላችሁ ከሜዳ እጦት ነው። ሊጉ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት የተካሄደው ክለቦቹ በሙሉ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ እየዞሩ ነው። ለቴሌቪዥን ይመች ይሆናል። ተጫዋቹ ግን በሰው ሜዳ፣ ሰላሳ ሺህ ሰው እየጮኸበት፣ አንድ ለዜሮ ይዞ መውጣትን የት ይልመደው? ካፍ በ2021 ባሕር ዳርን ከከለከለን በኋላ ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑም ተሰደደ። "ሜዳችን" አንዴ ማላዊ ሆነ፣ አንዴ ሞሮኮ። ኖቬምበር 2024 ላይ ታንዛኒያን በሜዳችን አስተናግደን ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን፤ ሜዳችን የት ነው? ኪንሻሳ! በሦስተኛው ቀን እዚያው ስታዲየም፣ እዚያው ሣር ላይ፣ አሁን በእንግድነት ዲሞክራቲክ ኮንጎን ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ኮንጎዎች አስቀድመው አልፈው ነበር፣ ይታወቃል። ቢሆንም ልጆቹ ቅዳሜ አጭር ሆነው ማክሰኞ አልረዘሙም።

የሚቀጥለው ስብስብ ሲጠራ ዝርዝሩን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስሞች በረኞች ናቸው። እያንዳንዳቸው በዚያ ዓመት በክለባቸው ስንት ጨዋታ ተሰልፈዋል? ሬዲዮ ላይ ስልክ መደወል የምትወዱ ካላችሁ፣ ይቺን ጥያቄ ለአሰልጣኙም ለክለብ ሥራ አስኪያጆቹም አድርሱልኝ።