ሥራ ለደከመች እጅ መድኃኒት ስለ መሆኑ

በሰው ቤት በድንገት ከሚገቡት ደዌዎች አንዱ የአንጎል ምት የሚባለው ነው። ማታ ከቤተ ሰቡ ጋራ ራቱን በልቶ፥ ልጆቹን መርቆ የተኛ አባት፥ ጧት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት፥ አፉ ጠሞና ንግግሩ ተሳስሮ ይገኛል። ምክንያቱም ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ሥር በረጋ ደም ሲደፈን፥ ወይም ፈንድቶ ደሙ በአንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። የአንጎል ቀኝ ወገን ግራውን አካል፥ ግራው ወገንም ቀኙን ስለሚያዝ፥ ጉዳቱ በአንዱ ሲሆን ድካሙ በሌላው ይታያል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መገሥገሥ ይገባል፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባብዛኛው የሚሰጠው ደዌው ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ነውና።

ዛሬ ግን ልንናገር ያሰብነው፥ ሐኪሙ ነፍሱን ካተረፈለት በኋላ በሽተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለሚጀመረው ስለ ሁለተኛው ትግል ነው።

ከዘመዶቻችን መካከል ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ሥራ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ይህ ደዌ በያዛቸው ጊዜ የግራ እጃቸውና የግራ እግራቸው ደከመ። ቤተ ሰቡ እጅግ ይወዳቸው ነበርና ሁሉም ሊያገለግላቸው ተሽቀዳደመ፤ አንዱ ያለብሳቸዋል፥ ሌላው ያጥባቸዋል፥ ሌላውም ደግፎ ያነሣቸዋል። ደካማይቱም እጅ ከጋቢ ውስጥ ሳትወጣ ትውል ጀመረች፤ ጣቶቿም እየታጠፉ ሄዱ።

ከዚህ ይልቅ ቤቱን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነበር። ማዕድ ሲቀርብላቸው በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ በልተው፥ በግራ በኩል ያለው ወጥ ሳይነካ እንዳለ፥ «ወጡ አልቋል፤ ጨምሩልኝ» ይሉ ነበር። ደብዳቤም ሲጽፉ መስመሩን ሁሉ ከወረቀቱ መካከል ይጀምሩ ነበር። ይህን አይተው ባለቤታቸው ያጎርሷቸው ጀመር፤ ታላቁ ልጃቸውም «የአባታችን አእምሮ ተነክቷል» ብሎ በቤቱ ጉዳይ ምክራቸውን መጠየቅ ተወ። ይህም ከደዌው የባሰ ቍስል ሆነባቸው። አንድ ቀን ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ «በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንሁ» ብለው አለቀሱ።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሽተኛን በሥራ የማዳን ሙያ በባሕር ማዶ የተማረች አንዲት ሴት ቤቱን ጎበኘች። ሰዎቹ መድኃኒት ታዛለች ብለው ሲጠብቁ፥ እርሷ ግን አጠገባቸው ተቀምጣ «አባቴ፥ ሳይታመሙ ከጧት እስከ ማታ ምን ምን ይሠሩ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ልብሴን ለብሼ፥ ደብዳቤዬን ጽፌ፥ ከልጆቼ ጋራ እበላ ነበር እንጂ ሌላ ምን አለኝ?» አሏት። «እንግዲያውስ መድኃኒታችን ይኸው ነው» አለች።

ቀጥላም ለልጆቹ ነገሩን ገለጠችላቸው። የአባታቸው ዐይን አልታወረም፤ ምክራቸውም አልጠፋም። የአንጎል ቀኝ ወገን ሲጎዳ ሰው በግራው ያለውን ነገር ልብ ሳይል ይቀራል፤ ለእርሱ ዓለሙ በግማሽ እንደ ተቈረጠ ነው። ስለዚህ በገበታው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ጥብጣብ አሰረችና፥ «ቀዩን እስኪያዩ ድረስ ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ» ብላ አስለመደቻቸው። በወረቀቱም ግራ ዳር እንዲሁ ቀይ መስመር አሰመረች። የደከመችውን እጅ ከጋቢው አውጥታ በወረቀቱ ላይ አኖረቻትና፥ «ይህች እጅ ለጊዜው መጻፍ አይጠበቅባትም፤ ወረቀቱ እንዳይሸሽ ትያዝ» አለች። እጂቱም ከዚያ ቀን ጀምራ ሥራ አገኘች።

ይህ ሙያ በእንግሊዝኛ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ በሥራ ማከም ማለት ነው። በአሜሪካ የሙያው ማኅበር የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1917 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት፥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የተባለ የሕንፃ ነዳፊ፥ ራሱ የግራ አካሉ ደክሞበት በሥራ የተጽናና ሰው ነበር። በእንግሊዝ አገርም ዶክተር ኤሊዛቤት ካሰን በ1930 ዓ.ም. በብሪስቶል ከተማ የመጀመሪያውን የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተች። በአገራችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ ማስተማር ጀምሯል።

ሥራ ያልተሰጣት እጅ ሥራን እንደምትረሳ በምርመራ ታይቷል። በአሜሪካ በ2006 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት፥ ምቱ ከደረሰባቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 በሽተኞች ተመርምረው ነበር። ከእነርሱ ከፊሎቹ በ2 ሳምንት ውስጥ፥ ነቅተው በሚውሉበት ጊዜ አብዛኛውን ሰዓት ደኅነኛይቱን እጅ በጓንት ሸፍነው፥ በደካማይቱ እጅ ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። እነዚህም የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እጃቸው ተሻላቸው፤ ጥቅሙም ከአንድ ዓመት በኋላ ገና ይታይ ነበር። ነገር ግን ይህ ዘዴ ጣቶቹንና የእጁን አንጓ ጥቂትም ቢሆን ማንቀሳቀስ ለሚችል ሰው ነው እንጂ ለሁሉ አይሆንም፤ ያለ ባለሙያ ምክር መሞከርም አይገባም።

ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ግን ይህ ነው። ልብስ ሲለበስ የደከመው ክንድ አስቀድሞ ይግባ፤ ሲወለቅም በመጨረሻ ይውጣ። በሽተኛውን ለማንሣት የደከመውን ክንድ መጐተት ከቶ አይገባም፤ የትከሻው መገጣጠሚያ ይላላልና። ምርኩዝ በደኅነኛው እጅ ይያዝ። እግር የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይነሣ፤ መቀመጫውም ለመነሣት እንዳያስቸግር ዝቅ ያለ አይሁን። መዋጥ የሚያስቸግረው ቢሆን ሐኪም ሳያየው ምግብም መጠጥም አይሰጠው።

ከሁሉ የሚከብደው ትእዛዝ ግን መታገሥ ነው። አገልጋይና ልጅ በበዛበት ቤት፥ ጌታው ቍልፉን ለመቈለፍ ሩብ ሰዓት ሲታገል እጅን አጣጥፎ መመልከት ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ራሱ ሊፈጽመው የሚችለውን ሥራ በፍቅር ብንነጥቀው፥ የነጠቅነው እጁን ነው። ሊረዳ የሚገባው በማይችለው ብቻ ነው፤ በሚችለው ግን ጊዜ ይሰጠው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህንንም አስበው ሳይሆን አይቀርም።

የሽማግሌው ግራ እጅ እንደ ቀድሞው አልተመለሰችም፤ ሙሉ በሙሉ ዳነች ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ነገር ግን ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሱ ጀመር፤ የገበታውንም ግራ ወገን አገኙት። ከጥቂት ወራት በኋላም ለታላቁ ልጃቸው ስለ ቤቱ ጉዳይ ደብዳቤ ጻፉለት። ልጁም ደብዳቤውን ይዞ መጥቶ አሳየን፤ ምክሩ የቀድሞው የአባቱ ምክር ነበር፤ መስመሩም ሁሉ ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ ይጀምር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ሳይጠይቃቸው የሚያደርገው ነገር የለም።