ተማሪ ራሱን ሲመረምር

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል። የውድቀቱ ምክንያት ብዙ ነው። ትምህርት ቤቱ በጦርነት ተዘግቶበት ለከረመው የአማራ ክልል ልጅ ስለ አጠናን ዘዴ ብቻ መስበክ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን በተማሪው በራሱ እጅ ያለ አንድ ነገር ስላለ፥ በዚሁ ላይ ጥቂት እንላለን።

በቀየትም ሆነ በአዲስ አበባ ብዙው ተማሪ ደብተሩን ደጋግሞ ያነባል፤ ዓይኑ መስመሩን ስለ ለመደው ያወቀ ይመስለዋል። (ሰርኩላር አንብቦ የሚፈርመው ወጣት ሹምም ከዚህ አይድንም።) ሮዲገርና ካርፒኬ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፥ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ሲጽፉ የነበሩት በለጡ።

ከሸዋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ይህን ያለ ሙከራ ያውቀዋል። ከመምህሩ የሰማውን ይዞ ለብቻው ገለል ይልና የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ከዚያም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ጉድለቱ የሚገለጥለት በዓመቱ መጨረሻ ሳይሆን በዚያው ጊዜ ነው። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅም ገጹን ከድኖ የፊዚክሱን ሕግ በራሱ አነጋገር ይጻፍ፤ በሳተው ላይ ምልክት ያድርግ፤ የነገውንም ጥናት ከዚያው ይጀምር።