ጓሮ ያላየ የቁጠባ ስብከት

«የቁጠባ ባህል የለንም» የሚለውን አባባል በሬዲዮ ያልሰማ ወይም ባንክ ሲገባ ግድግዳ ላይ ያላነበበ ሰው ማግኘት ይቸግራል። የስብዕና ግንባታ አሰልጣኙም፣ የጠዋት ፕሮግራም አዘጋጁም፣ የብድር ተቋሙ ባለሙያም ነገሩን ከዚሁ ይጀምራሉ። ከዚያ ምክሩ ይከተላል፦ ከገቢህ አስር በመቶውን ቀድመህ አስቀምጥ፣ አስቤዛህን በጅምላ ግዛ፣ ቡናና ድግስ ቀንስ፣ ወጪህን በደብተር መዝግብ። ምክሩን የሚሰጡት አብዛኞቹ ክፉ አስበው አይደለም። መነሻው ግን ሐሰት ነው፤ ጥፋት የሌለበትንም ሰው ጥፋተኛ ያደርጋል። ደሃው የደኸየው ገንዘብ መያዝ ስለማያውቅ ነው ከተባለ፣ ስለ ወተቱ ዋጋ፣ ስለ ትራንስፖርት ታሪፉ፣ ስለ ባንኩ ወለድ የሚጠይቅ አይኖርም።

ጫንጮን ልውሰድ። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ያገኛታል። ወደ ደርባና ወደ ሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለውም ከእሷ ነው። ሲሚንቶው፣ ድርቆሹ፣ ወተቱ በፊቷ እያለፈ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ደመወዝተኛ አለ፤ ግን ብዙ ቤት የሚኖረው ከላም፣ ከቀን ሥራ፣ ከጉልትና ከትንሽ ሱቅ እየለቃቀመ ነው።

እዚህ ከተማ ቁጠባ መኖር አለመኖሩን ማወቅ የፈለገ ሰው የባንክ ደብተር ከመጠየቁ በፊት ጓሮ ይግባ። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲታጨድ የተከመረው ድርቆሽ ቁጠባ ነው፤ ሁሉም በሚሸጥበት ወቅት ሳይሸጥ ተጠብቆ፣ መኖ ሲወደድ ይወጣል። በአጥሩ ጥግ የተደረደረው ኩበት ቁጠባ ነው፤ የክረምት ማገዶ ነው፣ ሲተርፍ ይሸጣል። ጊደሯ ቁጠባ ናት፤ የታመመ ሰው ሆስፒታል የሚገባባት፣ ልጅ ኮሌጅ የሚመዘገብባት እሷ ናት። በጭቃ ቤቱ ጀርባ ዳዋ የለበሰው የብሎኬት ቁልል ቁጠባ ነው። ዕቁብ በወጣ ቁጥር ጥቂት እየተገዛ ተጠራቅሟል፤ ለቆርቆሮው ደግሞ ሌላ ዙር ይጠበቃል። ዕቁቡ ራሱስ? ዳኛው ዕለቱን ጠብቆ ይሰበስባል፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ይወስዳል፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ከጎረቤት ተበድሮ ይጥላል እንጂ አይቀርም። ከራት ቀንሳ ዕቁቧን የምትጥል እናት ባለችበት አገር «የቁጠባ ባህል የለም» ማለት ድፍረት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ነገርም አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ዳሪል ኮሊንስና ሦስት ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት በባንግላዴሽ፣ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ከ250 በላይ ደሃ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ያህል ገቢና ወጪያቸው በየሁለት ሳምንቱ ተመዝግቦ ነበር። የተገኘው ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ግድ የለሽ ሰው አልነበረም፤ በጎረቤት፣ በማኅበር፣ በዱቤ፣ በአደራ ገንዘቡን ሲያገላብጥ የሚውል፣ ገቢው ባነሰ ቁጥር ጥንቃቄው የሚበዛ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ «በጅምላ ግዛ» እንምጣ። ይህን ምክር የሚወድ ሰው አንድ ቀን ማምሻውን ከሱቅ መስኮት አጠገብ ይቁም። ሕፃን ልጅ ባዶ ሃይላንድ ይዛ ትመጣለች፤ ባለሱቁ ከጀሪካኑ ቀድቶ ዘይቱን ከግማሽ በታች ያደርግላታል። ስኳሩ ሩብ ኪሎ በላስቲክ ተቋጥሮ ይሰጣታል። ሽንኩርቱ ከጉልት በመደብ ተገዝቷል፣ ከሰሉ በጆንያ ሳይሆን በፌስታል። በሊትርና በኪሎ ቢሰላ ቤቷ የሚከፍለው ባለ አምስት ሊትሩን ዘይት በአንዴ ከሚገዛው፣ ከሰሉን በጆንያ ከሚያወርደው ቤት ይበልጣል። እናቷ ይህን ሒሳብ አልሳተችውም። የቀን ሥራ ገንዘብ ግን በቀን ነው የሚመጣው፤ ጤፍ በኩንታል ለመግዛት የኩንታሉ ዋጋ በአንድ ቀን እጅ ላይ መገኘት አለበት። በርካሽ ለመኖር መጀመሪያ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ያ ገንዘብ የሌለው ሰው ለዚያው ዕቃ የበለጠ እየከፈለ ይኖራል። በዚያ ላይ የዱቤ ደብተር አለ። ስሟ በደብተሩ የሰፈረ ሴት ዋጋ አትከራከርም፣ ሌላ ሱቅም አትሄድም። ወር ሲደርስ ደመወዙ ተቆርጦ የሚገባው ወደዚያ ደብተር ነው። ለዚች ሴት ወጪሽን መዝግቢ ማለት ምን ማለት ነው? ባለሱቁ እስከ ሳንቲሙ መዝግቦታል።

«ቡና ቀንሱ» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያናድደኛል። ሦስት አራት ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣው አንድ ጀበና ቡና ከቤቱ ወጪ ትንሹ ነው፤ የሚሠራው ሥራ ግን ትልቅ ነው። የታመመች ጎረቤት መኖሯ የሚሰማው፣ የእድር መዋጮ የሚነገረው፣ ለልጅ ሥራ የሚጠየቀው፣ ላም ወለደች ተብሎ እንገር የሚላከው እዚያው ነው። የመድን ውል ፈርሞ የማያውቅ ቤተሰብ መድኑ ጎረቤቱ ነው። ከቡናው የቀረች ሴት ጥቂት ብር አትርፋ በክፉ ቀን የሚደርስላትን ሰው ታጣለች።

ደግሞስ ተቆጥቦ የት ይቀመጥ? ብሔራዊ ባንክ ለተቀማጭ ገንዘብ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት መግቢያ ላይ በ7 በመቶ ወለድ 100 ብር ያስቀመጠ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ 107 ብር አገኘ፤ ያውም ከወለዱ ላይ የሚቆረጠው ግብር ሳይታሰብ። ቀድሞ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ይህ ሰው ምክሩን ሰምቷል፣ ታዝዟል፣ ተቀጥቷል። ድርቆሽና ጊደር የያዘው ጎረቤቱ ይሻላል፤ የሣርና የከብት ዋጋ ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣልና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር የተቀመጠ ገንዘብ ሁሉ በዚያው ልክ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመግዛት አቅሙን አጣ። ባንኮች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው በሚለጥፉት ማስታወቂያ ላይ ከወለዱ ጎን ያለፈውን ዓመት የዋጋ ንረት አብረው ቢጽፉ ሰው አውቆ ይወስን ነበር። ይህን የጻፈ ባንክ አላየሁም።

ባንክ የገባው የቆጣቢው ገንዘብ የት እንደሄደም መነገር አለበት። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ በሚሆነው መጠን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። የሰነዱ ወለድ ሲጀመር 3 በመቶ ነበር፤ ያኔ ለቆጣቢው ከሚከፈለው 5 በመቶ እንኳ ያነሰ ማለት ነው። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ዋለ። መንገድና ፋብሪካ መሥራት ተገቢ ነው። ነገር ግን ወጪውን ከሸፈኑት አንዷ ሺህ ብሯን ባንክ ያስቀመጠች የወተት ነጋዴ ከሆነች፣ ቢያንስ ቆጣቢ አይደለሽም ተብላ አትሰደብ።

የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ታሪክ እናስታውስ። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ምዝገባ ሕዝቡ በየኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቅርንጫፍ ተሰልፎ ደብተር ከፈተ። በ20/80 ፕሮግራም ባለ አንድ መኝታ የመረጠ በወር 274 ብር መቆጠብ ነበረበት። የጥበቃ ሠራተኛው፣ መምህሯ፣ ልብስ አጣቢዋ ቆጠቡ። ብዙዎቹ ከአስር ዓመት በኋላም ዕጣ አልወጣላቸውም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወጣ የተባለው ዕጣም መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ከቀናት በኋላ ተሰረዘ። እስከዚያው ኪራዩ ከአዲስ አበባ ገፋቸውና ብዙዎቹ ወደ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ አንዳንዱም እስከ ጫንጮ ድረስ ወጡ። እነዚህ ሰዎች የጎደላቸው ሥነ ሥርዓት ነው የሚል ካለ ደረሰኞቻቸውን አንድ በአንድ ያንብብ።

ወደ ዙሪያው ከተሞች ከወጡት አንዳንዶቹ ቁጠባቸውን ግድግዳ አደረጉት፤ መሬት ከገበሬ ገዝተው ክፍል በክፍል ሠሩ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በለገጣፎ ለገዳዲ ሕገ ወጥ ናቸው የተባሉ ቤቶች ፈረሱ። ሱሉልታን፣ ቡራዩንና ሰበታን ጨምሮ ዙሪያውን ያጠቃለለው ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላም በ2015 ዓ.ም. ብዙ ቤት ፈርሷል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን አጣርቶ ሪፖርት አውጥቷል። የከተማ ፕላን መከበር እንዳለበት እቀበላለሁ። ሆኖም ቤቶቹ ሲሠሩ ቆጣሪ ገብቶላቸው፣ ግብር የተቀበላቸው አስተዳደር እንደነበረም አይካድም። የአስር ዓመት ዕቁብና የአረብ አገር ጉልበት በግማሽ ቀን ፍርስራሽ ሲሆን ያየ ሰው፣ ሕዝቡ ከባንክ ይልቅ ጥሬ ገንዘብ ትራስ ሥር ማስቀመጡ፣ ዛሬ በልቶ ማደሩ አይገርመው። ቁጠባ ነገን ማመንን ይጠይቃል።

ምክሩ ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ከሦስት ዓመት ገቢ በላይ ተበድሮ የሚደገስ ሠርግ ቤት ያፈርሳል፤ ዘመድ ቆሞ ሊከለክለው ይገባል። የቀን ገቢውን አረቄ ቤት ጨርሶ የሚገባ አባወራም አለ፣ ሚስቱም ልጆቹም ያውቁታል። ዕቁብም ንጹሕ አይደለም፤ ገንዘብ ሰብስቦ የጠፋ ዳኛ፣ ደርሶት ወስዶ መጣል ያቆመ ዕቁብተኛ ብዙ ሰው አስለቅሷል። እነዚህን መምከርም መክሰስም ተገቢ ነው። እኔ የምቃወመው ጥቂቶቹን አይቶ ለሚሊዮኖቹ ስም መስጠትን ነው። በከተሞች የልማት ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ላይ የሚሠሩት በጣም ደሃ የተባሉ ሰዎች ከሚከፈላቸው 20 በመቶውን እንዲቆጥቡ ይደረግ ነበር። ቆጠቡም። ከአገር ደሃ ተብሎ ተመርጦ የተመዘገበ ሰው ገቢውን አምስት ቦታ ከፍሎ አንዱን ካስቀመጠ፣ የባህሉ ጥያቄ ተመልሷል።

የቀረው የገቢው ጥያቄ ነው። ጫንጮ ላይ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የምታልብ ሴት ጀሪካኗን ይዛ መሰብሰቢያው ጋ ትሰለፋለች፤ ወተቷ በመለኪያ ተፈትኖ ይመዘገባል። ዋጋውን የምትወስነው እሷ አይደለችም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ወራት አዲስ አበባ የምትጠጣው ወተት ይቀንሳል፣ ተረካቢውም ይቀንሳል። የላሚቱ ፉሩሽካና ፋጉሎ ግን ዋጋው አይወርድም። የተረፈውን ወተት ንጣ ቅቤ ታደርገዋለች፤ ለፋሲካ የምትሸጠው እሱን ነው። አስተዳደጓ ያስተማራት ይህን ነው፣ ስሙም ቁጠባ ነው። የሚጎድለው በየሰፈሩ ማቀዝቀዣና የጾሙን ወተት ዱቄት አድርጎ የሚያቆይ ፋብሪካ ነው። ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የሚመላለሰው ልጇ ደግሞ በትራንስፖርት ያልቃል። የነዳጅ ድጎማ በየደረጃው መነሳት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ከ100 ብር አለፈ። እሱ ከምሳው ቢቀንስም ታሪፉ የቀነሰውን ይወስድበታል።

ልዩነት ያመጣ ነገር ስፈልግ ያገኘሁት በስብከት ውስጥ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ ያ ጣሪያ ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆየ፣ ኑሮው በዚያ ሁሉ ጊዜ እየተወደደ። በወር 2,000 ብር የሚከፈላት የጽዳት ሠራተኛ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥባት ነበር፤ በዓመት 1,890 ብር። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ጣሪያው 2,000 ብር ሆነና ቆረጣው ቆመላት። ወደ አንድ ወር የሚጠጋ ደመወዟ በአንድ ሠንጠረዥ ለውጥ ወደ ቤቷ ተመለሰ። አሁን መጠየቅ ያለበት ይህ ጣሪያ ሌላ ዘጠኝ ዓመት ሳይጠብቅ በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር እንዲስተካከል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። የጽዳት ሠራተኛዋ 2,000 ብር ለምን 2,000 እንደሆነ መልስ መስጠት ያለበት ያ ቦርድ ነው።